አንገት የሌላት ጥይት

ፍራንክፈርት፣ ጥቅምት 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለደመላሽ ባይለየኝ፣ አለፋ፤

ሰባ ሰባት ዓመቴ ነው። አራተኛ ፎቅ በእግሬ ወጥቼ እወርዳለሁ። የጫማዬን ክር ጎንበስ ብዬ አስራለሁ። ሽሮዬን ራሴ አማስላለሁ፤ ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፤ ይህንንም ደብዳቤ ማንም እጄን ሳይዘኝ እጽፋለሁ። ፊደሌ ጠማማ ከሆነ ጥፋቱ የመሪጌታው ነው፤ ዳዊት ሳያስደግሙኝ ሞቱ። እንግዲህ ጤናዬን ነገርኩህ፤ ደግመህ እንዳትጠይቀኝ። አንተን ከነልጆችህ፣ ከነከብትህ፣ ከነአጥርህ እግዜር ይጠብቅልኝ።

እናትህ እታገኝ ማረፏን የነገረችኝ ሃይሚ ናት። የሻሁራ ልጅ ናት፤ እዚህ አየር ማረፊያ አውሮፕላን ታጸዳለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ያዘችኝና፣ «ጋሼ ተገኝ፣ እስቲ ይቀመጡ» አለችኝ። «ቆሜ ንገሪኝ» አልኳት። ቆሜ ሰማሁ።

ለምን አልደወለም ትል ይሆናል። የስልክ ለቅሶ አላውቅበትም። እግዜር ያጥናህ። ደግ ሴት ነበረች ብዬ አልጽፍልህም፤ እሱን አንተ ታውቃለህ። የማታውቀውን ልንገርህ። እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ በየፋሲካው በቄስ እጅ አንድ መስመር ታስጽፍልኝ ነበር። ሁልጊዜ ያችኑ፦ «ደህና ነን፤ ማሽላው ደርሷል።» በፋሲካ ደግሞ ማሽላ ይዘራ እንደሆነ እንጂ አይደርስም። ሚስቴ ሸዋገነት፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ሴትዮዋ ወሩ አይለይላትም እንዴ?» ትለኝ ነበር። እኔ አጥፌ ኪሴ እከተዋለሁ።

ሸዋገነት ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። በዚህ ወራት የዛፉ ቅጠል ደርቆ መንገዱ ላይ ይንኮሻኮሻል። ያኔ ከቤት አልወጣም፤ ዳቦዬን አስቀድሜ ነው የምገዛው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። እናትህ ከማረፏ በፊት እኔን ያነሳችበት ነገር ካለ ጻፍልኝ። ከሌለም የለም በል፤ አይከፋኝም።

አጎትህ ተገኝ ወርቅነህ

አለፋ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ተገኝ ወርቅነህ፤

የወንድምዎ ልጅ ደመላሽ ከእግርዎ ሥር ሆኜ እንዴት ከረሙ እላለሁ። ብርዱ እንዴት ይዞዎታል? እኛ በልዑል ፈቃድ ደህና ነን። ላሟ ወልዳለች፤ ጤፉን በረዶ መታው እንጂ ማሽላው አምሮልናል። ደብዳቤዎ ሻሁራ ከደረሰ በኋላ ከሰው እጅ ሰው እጅ ሲዞር ከርሟል፤ ለመዘግየቴ ይቅር ይበሉኝ።

የጠየቁኝን በቀጥታ እመልሳለሁ። አንስታዎታለች። ልትሞት ሦስት ቀን ሲቀራት እጄን ይዛ፣ «ጎታው ሥር ያለውን አጎትህን ጠይቀው፤ እሱ ያውቀዋል» አለችኝ። ሌላ አልተናገረችም።

አርባዋን ባወጣን ማግስት ጎታውን አነሳሁት። አፈሩ ውስጥ አረንጓዴ የወታደር ቆርቆሮ አገኘሁ። ሠላሳ ስምንት ጥይት አለበት፤ ቅባት በጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ዝገት የሚባል ሳይነካው። ከእነሱ ጋር አንዲት ባዶ ቀለሃ በነጠላ ቁራጭ ተቋጥራለች። ቀለሃዋን አውቃታለሁ፤ ልጅ ሳለሁ እማማ አሳይታኛለች። አባቴ የወደቀ ቀን ከማሽላው መሃል ያነሳቻት ናት። የድንበር ባላጋራችን ባምላኩ አባቴን የገደለባት መሆኗን አገር ያውቃል።

አጎቴ፣ ባዶዋና ሙሉዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ጎን ለጎን አቆምኳቸው፤ በጠጉር አይለያዩም። እንደገባኝ ጠመንጃው የአባቴ ነበር፤ ባምላኩ ከእጁ ነጥቆ በገዛ ጥይቱ ገድሎታል።

ምክርዎን የምሻበት ነገር ይሄ ነው። የባምላኩ ልጅ ወንድዬ ከቋራ ተመልሷል። አባቱ እዚያ ሸሽቶ እዚያው ሞተ፤ እሱ ደግሞ የአባቱን አጥንት በሣጥን ይዞ መጥቶ ከኛ ማሳ ማዶ ጎጆ ቀልሷል። ሽማግሌ ልኮብኛል። ሽማግሌዎቹም «ደሙ ደርቋል፤ ታረቅ» ይሉኛል። የመንደሩ ሰው ደመላሽ ብሎ ስም ያወጣልኝ አባቴ በተቀበረ በስድስተኛ ወሩ መሆኑን ረስተውታል።

ክላሽ በየቤቱ አለ፤ እኔም አለኝ። በክላሽ ግን አይሆንም። የአባቴን ደም በአባቴ ጥይት ነው የማወጣው። እርስዎ ወታደር ነበሩ፤ ያሉበትም የመሣሪያ አገር ነው። ይህችን ጥይት የሚተኩስ ዘመናዊ ጠመንጃ ምን ምን አለ? ስሙንና መልኩን ብቻ ይጻፉልኝ፤ መተማ ድረስ ወርጄ የማፈላልገው እኔ ነኝ። ጥይቷን ወረቀቱ ላይ አስተኝቼ ዙሪያዋን በእስክርቢቶ ስያታለሁ።

እድሜዎን ያርዝምልን። የወንድምዎ ልጅ፣ ደመላሽ ባይለየኝ

ፍራንክፈርት፣ ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም.

ደመላሽ፤

ቤትህ ሰላም ይደር፤ የወለደችው ላም ጥጃዋን ታሳድግልህ።

ደብዳቤህ ለገና ሁለት ቀን ሲቀር ደርሶኛል። ስዕልህን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ይኸው ወር ሆነኝ፤ እራቴን ከጎኗ እበላለሁ። ስሟን ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም። የካርባይን፣ የአጭሯ ጠመንጃ፣ ጥይት ናት። የጠየቅኸኝን ግን ጠይቄልሃለሁ።

ሳክሰንሃውሰን ሰፈር ውስጥ ጠመንጃ የሚሸጥ አንድ ሽማግሌ አለ። ተኽለሚካኤልን ይዤ ሄድኩ። ኤርትራዊ ነው፤ ኦስትሃፈን፣ የወንዙ ወደብ መጋዘን፣ ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ሣጥን ገፍተናል። ጀርመንኛው ከኔ እንደሚሻል ራሱ ያምናል። በከተማው ባቡር፣ ሽትራሰንባኑ ውስጥ፣ «አንተ ሰውዬ፣ በስተርጅና ምን ልታድን ነው?» ይለኛል።

«ከርከሮ።»

«አራተኛ ፎቅ ላይ?» ብሎ ሳቀ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ሻጩ ስዕልህን አየና መነጽሩን አወለቀ። «አንገት የላትም» አለ። አብዛኛው የጠመንጃ ጥይት ጫፉ ጋ ሲደርስ ጠበብ ብሎ አንገት ያወጣል፤ ይህች እንደ ሻማ ቀጥ ያለች ናት። «ከዓለም ጦርነቱ በኋላ የኛ ደን ጠባቂዎች የሚይዙት የዚህችን አጭር ጠመንጃ ነበር፤ አባቴም ነበረው» አለ። እንደ ጥንት ዘመዱ አያት።

ዛሬስ ምን አለ አልነው። አሜሪካኖች ያንኑ አጭር ጠመንጃ በእንጨት ሰደፍ፣ ልክ እንደ ጥንቱ አድርገው አዲስ ይሠሩታል። ጥቁር የፕላስቲክ ሰደፍ ያለውም አለ፤ ለትከሻ ይቀላል። ለእሷ ተብሎ የተሠራ፣ ጥይቱን በሚሽከረከር ጎማ የሚጎርስ ትልቅ ሽጉጥም አለ፤ «ሲተኮስ ጆሮ ይደፍናል፤ ከአፉ የሚወጣው እሳት የዳቦ ጋጋሪ ምድጃ ነው» አለ። ጣሊያኖችም መልኩን አስመስለው ይሠራሉ፤ የሚጎርሰው ግን የሽጉጥ ጥይት ነው፤ ያንተን አይቀበልም። ክላሽም አይቀበልም፤ አፈሙዙ ቢቀራረብ የጥይቷ ቤት ሌላ ነው። እዚህ አገር ለመግዛት ደግሞ ፈተናው፣ ፈቃዱ፣ የተኳሾች ማኅበሩ፣ ቴርሚን በቴርሚን ነው፤ ቀጠሮ ማለታቸው ነው።

ከዚያ ሳልጠይቀው የተናገረውን ልጻፍልህ፤ የሰው ቃል አልቆርጥም። «የወታደር ጥይት ናት። ለገበሬ በገበያ የምትሸጥ አልነበረችም፤ እጁ የገባች ሰው ከሠራዊት ይዟት የመጣ ነው» አለ። እድሜዋን ስንነግረው ደግሞ፣ «ከተሠራች ሰባ ዓመት የሆናት ጥይት ከላይ ብታበራም ውስጧን የሚያምን ሞኝ ነው» አለ። ስንወጣ ተኽለሚካኤልን ወደ ኋላ ጠራና፣ «ጓደኛህ ታሟል እንዴ?» አለው። ተኽለሚካኤልም፣ «አይ፣ ኩራተኛ ነው» አለው።

ጠየቅኸኝ፤ መለስኩ። አሁን የኔን ስማ። ጥይቶቹን ጣና ጣላቸው። ከወንድዬ ታረቅ። ለምን አትበለኝ። አጎትህ ነኝ፤ አዝዤሃለሁ።

ፌርማታው ላይ ቆመን ስንጠብቅ አንድ ሰው ከኋላዬ አፏጨ። አባትህ ባይለየኝ የሚያፏጨውን፦ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ዞርኩ። ሰው የለም። ተኽለሚካኤልም አልሰማሁም አለ።

ተገኝ

አለፋ፣ የካቲት 30 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ ተገኝ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። እንደ ወጉ ላበዛው ጀምሬ እጄ እምቢ አለኝ።

የጠየቅሁዎትን መለሱልኝ፤ እማማ ያለችውን ግን አልመለሱልኝም። እሷ «ምን ጠመንጃ እንደሚሆነው ጠይቀው» አላለችም። «እሱ ያውቀዋል» ነው ያለችው።

ዐቢይ ጾም እንደገባ ሽማግሌዎቹ ወንድዬን ይዘውት መጡ። ከአጥሬ ውጭ ቆሞ ከጋቢው ሥር ጠመንጃ አወጣ። ልጆቼ ጮኹ። እሱ ግን አፈሙዙን ወደ ራሱ አዙሮ መሬት ላይ አጋደማትና አንዲት ጥይት አጠገቧ አኖረ።

«ይህች የአባቴ ቤልጅግ ናት» አለ። «ሌላ ኖሮት አያውቅም፤ አገር ይመስክር። ጥይቷን ከእናንተ ቀለሃ ጋር አስተያዩ።»

አስተያየን። የነሱ አንገት አላት። የኛ የላትም።

«ውሸታም የውሸታም ልጅ!» ብዬ ጮህኩ። ሽማግሌዎቹ ግን መሬት መሬት ያዩ ጀመር። የሰበካችንን ቄስ፣ «አባቴ ጠመንጃ አልነበረውም ወይ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ አባትህ በሬና ዋሽንት እንጂ ሌላ አልነበረውም» አሉኝ።

የወታደር ጥይት ናት ብለው የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት። ያን ጊዜ እዚህ መንደር ከሠራዊት የተመለሰው አንድ ሰው ብቻ ነው ይላሉ። ስሙን ማንም አይጠራልኝም። እኔም አልጽፈውም።

የሽምግልናው ቀን ለግንቦት ልደታ ተቆርጧል። ወንድዬ ይመጣል። እኔም ክላሼን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ከእርስዎ ቃል ካልደረሰኝ ከልጅነቴ የተነገረኝን አንድ ስም ይዤ እቆማለሁ፤ ወንድዬም ከዚያ አደባባይ ቤቱ አይመለስም። ይህን ይወቁት።

ደመላሽ ባይለየኝ

ፍራንክፈርት፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለደመላሽ ባይለየኝ፤

ይህን በሃይሚ እጅ እልካለሁ፤ ለፋሲካ እናቷ ዘንድ ትሄዳለች። «ጋሼ፣ ምን አለበት? ሻንጣዬ ይፈተሻል» አለችኝ። «ወረቀት ነው፤ ግን ከልደታ በፊት ካልደረሰ ሰው ይሞታል» አልኳት። ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

ምርቃት አልጽፍልህም። የሚቀጥለውን አንብበህ ከፈለግኸው ያኔ ትጠይቀኛለህ።

ክላሽህን አስቀምጥ። ባይለየኝን የገደልኩት እኔ ነኝ።

ካርባይኗ የኔ ነበረች። በስልሳ ሰባት ሠራዊቱን ትቼ ስመጣ ከነቆርቆሮዋ ይዣት መጣሁ። ጠመንጃዋንም፣ ጎታው ሥር የቀበርኩትንም ቆርቆሮ ወንድሜና እናትህ ብቻ ያውቁ ነበር። በስልሳ ዘጠኝ ኅዳር ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆኗል፤ ከርከሮ ይገባብናል፤ ማማው ላይ የምጠብቀው እኔ ነኝ። በማሽላ መሃል ወደ ማማ የሚሄድ ሰው እንደሚያፏጭ ታውቃለህ፤ ጠባቂው ሰው መሆኑን እንዲለይ ነው። ባይለየኝ ጠዋት ቁርስ ሲያመጣልኝ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም ያፏጫል። ከርከሮው ሦስት ቀን አመለጠኝ። ተናደድኩ። ያኔም እንደዛሬው ነበርኩ፤ የሚያመልጠኝ ነገር አልወድም። «የሚሸሽብኝ በፉጨትህ ነው። ነገ ስትመጣ አታፏጭ» አልኩት።

«እሺ፣ ጌታው ወታደር!» ብሎ ሳቀብኝ። ታላቄ ነው፤ ግን ታዘዘኝ።

በነጋታው አላፏጨም። ፀሐይ ወጥታለች። ማሽላው ተንኮሻኮሸ፤ ጎንበስ ብሎ ነው የሚመጣው። ተኮስኩ። አንዴ ብቻ። ወርጄ ሳየው ቂጣውን በጨርቅ እንደጠቀለለ ደረቱ ላይ ይዞታል።

ጠመንጃውን ገደል ሰደድኩት። ሰው ሲሰበሰብ አንዱ፣ «ባምላኩ ነው! ትናንት በድንበር ተጣልተዋል» አለ። «አይደለም» ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። አላልኩም። ባምላኩ ቤተሰቡን ይዞ ሸሸ። በሳምንቱ እኔም በመተማ ሱዳን ገባሁ። «ባምላኩ እሱንም እንዳይገድለው ፈርቶ ነው» አሉ ሰዎቹ። አዘኑልኝ።

ሠላሳ ስምንት ጥይትና አንዲት ቀለሃ ባንድ ቆርቆሮ አገኘሁ ብለህ ስትጽፍልኝ ገባኝ። ባዶዋን ከሙሉዎቹ ጋር ያኖረቻት እናትህ ናት። አስተያይታቸዋለች ማለት ነው። አርባ ስድስት ዓመት ታውቅ ነበር። አስብ እስቲ፣ የባምላኩን ስም ከአፏ ሰምተህ ታውቃለህ? የነገረህ ሌላ ሰው ነው። በየፋሲካው «ማሽላው ደርሷል» ያለችኝም ወሩ ጠፍቷት አይደለም። ና ማለቷ ነበር።

ኦስትሃፈን ስሠራ በሣጥኖቹ መሃል ወደኔ የሚመጣ ሁሉ እንዲያፏጭ እለምን ነበር። ጀርመኖቹ ይስቁብኛል። ተኽለሚካኤል ብቻ ለምን ብሎ ሳይጠይቀኝ ሃያ ስድስት ዓመት አፏጨልኝ።

ይህን ወረቀት በሽማግሌዎቹ ፊት አስነብበው። ወንድዬም ይስማ።

ተገኝ ወርቅነህ

አለፋ፣ ግንቦት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ተገኝ፤

ደብዳቤህ ደርሷል። ቄሱ በአደባባይ አነበቡት፤ ሁለት ቦታ ላይ ቆም እያሉ። ክላሹን ቤት ትቼው ነው የሄድኩት። አንተ ስላዘዝከኝ አይደለም፤ እጄ እንዳይቀድመኝ ብዬ ነው።

ወንድዬ እስኪያልቅ ቆሞ ሰማ። ከዚያ፣ «አባቴ እስኪሞት ድረስ 'ማን ይሆን?' እንዳለ ነው። ለሱስ ማን ያነብለታል?» አለ። የባምላኩን አጥንት ከአባቴ አጠገብ ቀበርን። ጉድጓዱን ከወንድዬ ጋር የቆፈርኩት እኔ ነኝ።

እማማን አስብ ብለኸኝ አሰብኩ። እውነት ነው። ስሙን ከአፏ ሰምቼ አላውቅም።

ሰው ደመላሽ ብሎ ሲጠራኝ አሁን አልዞርም። ትናንት ልጄ፣ «አባዬ፣ አትሰማም እንዴ?» አለችኝ።

ቆርቆሮው እንዳለ ነው። ና። በእግርህ ና። የምልህ ነገር አለኝ፤ ምን እንደሆነ ገና አላወቅሁትም።

ደመላሽ

ፍራንክፈርት፣ ግንቦት 16 ቀን 2015 ዓ.ም.

ደመላሽ፤

«አንተ» አልከኝ። ይገባኛል፤ እንደውም ቀለለኝ። አንቱታው አርባ ስድስት ዓመት የሰው ልብስ ሆኖብኝ ነበር።

ሰኔ 12 እነሳለሁ። ሃይሚ ትኬቱን ስትቆርጥልኝ፣ «ጋሼ፣ መመለሻውን ለመቼ ላድርገው?» አለችኝ። «መሄጃውን ብቻ» አልኳት። ብዙ አየችኝና ጻፈች። ማሽላው ቁመት ሳያወጣ እደርሳለሁ፤ ሰው ከሩቅ እንዲያየኝ። ከሻሁራ በእግሬ እመጣለሁ፤ እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ በአንገቴ ተሸክሜ። ማንም ላግዝህ እንዳይለኝ። አራት ፎቅ የምወጣ ሰው ነኝ።

ያለብኝን ዕዳ እጽፍልሃለሁ፤ ሁሉንም ራሴ ነኝ የምከፍለው። ለሸዋገነት በመቃብሯ ድንጋይ ላይ ስሟን በኛ ፊደል ላስቀርጽላት ምዬላት ነበር፤ ማክሰኞ ቀራጩ ዘንድ ቴርሚን አለኝ። ለተኽለሚካኤል ሃያ ስድስት ዓመት ለምን እንዳስፏጨሁት አልነገርኩትም ነበር፤ ትናንት ነገርኩት። ሰምቶ ወጣ፤ ደረጃውን ሲወርድ እስከ ታች ድረስ እያፏጨልኝ ወረደ። ለጠመንጃ ሻጩም ታሟል ወይ ላለው መልስ አለብኝ፤ በሱቁ ሳልፍ አዎ ታምሜ ነበር እለዋለሁ። ለባምላኩ «አይደለም» የምትለዋን ቃል፣ መቃብሩ ላይ ቆሜ፣ አገር እየሰማ። ለወንድዬ ያሳጣሁትን አገሩን፤ በምን እንደሚከፈል አላውቅም፤ እሱ ይንገረኝ፤ ያለውን እሰጣለሁ። ለእናትህ ለፋሲካ ደብዳቤዎቿ ሁሉ አንድ መልስ፦ መጣሁ። ላንተ አባትህ ቢኖር ያወጣልህ የነበረውን ስም፤ ያን ኅዳር ማማው ሥር ቁጭ ብሎ ነግሮኛል፤ በወረቀት አልልክልህም፣ በአፌ ነው የምነግርህ።

ለባይለየኝ ደግሞ አንድ ፉጨት። ማሳው ጫፍ ስደርስ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም አፏጫለሁ። እኔ መሆኔን ታውቃለህ።